የቡና ከረጢታችን አውሮፓ የገባበት መንገድ

ጀርመን ያለው ደንበኛችን የተቆላ ቡና ከረጢታችንን አልቀበልም ሲል ክው አልኩ። «በስባሽ» የሚል ታትሞበት ነበር እኮ! ቁራጩን በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመታሁት። እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ እንጂ አልበሰበሰም። ለካ ኦክሶ የሚሉት ነው፤ ተራ ፕላስቲክ ላይ የሚሰባብር ኬሚካል የተጨመረበት። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2021 ጀምሮ ከልክሎታል።

አቅራቢ ቀየርን። አዲሱ ከረጢት ኢኤን 13432 የሚባለውን የአውሮፓ የበስባሽ ማሸጊያ መስፈርት ያሟላል፤ በኢንዱስትሪ ኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ በ6 ወር 90 በመቶው መበስበስ አለበት። ሰርተፍኬት አለ ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ። ውፍረቱን አመሳክሩ! የእኛ ለሰርተፍኬቱ ከተፈተነው ይወፍር ስለነበር አሳሳነው። የኅትመት ቀለሙንም ቀየርን። ምግብ ለሚነካ ማሸጊያ የሚጠየቀውን የተስማሚነት መግለጫ (ደንቡን እንደሚያሟላ የሚገልጽ ሰነድ) አያይዘን ላክን። አሁን ተቀብለውናል።