ከራስ ቅሉ አትጀምሩ፦ የሰው አጽም ቁፋሮና ምርመራ ለመስክ ተማሪዎች

መቃብር ሲከፈት የተማሪ ሁሉ ዓይን የሚሄደው ወደ ራስ ቅሉ ነው። በመስክ ትምህርት ላይ በብዛት የሚጠፋው ግን የእጅና የእግር አጥንት ነው፤ የሚሰበረው ደግሞ የዳሌው የፊት ክፍል። ከአዋቂ ሰው 206 አጥንቶች 106ቱ ያሉት በሁለቱ እጆች (ከአንጓ እስከ ጣት) እና በሁለቱ እግሮች (ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት) ውስጥ ነው፤ ጾታን ከሁሉ አብልጦ የሚናገረውም ዳሌ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፈቃድ አንድ አካፋ አፈር አይነሳም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃዱ የሚገኘው ከቅርስ ባለሥልጣኑ ነው። የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ወይም የመስጊዱ ኢማም አስቀድመው ይነገራቸው። የተሞላ ጥርስ ወይም የፕላስቲክ ቁልፍ ብቅ ካለ ሟቹ የቅርብ ዘመን ሰው ነውና ቁፋሮው ይቁም፣ ፖሊስ ይጠራ።

የመቃብሩ ጉድጓድ በአፈሩ ቀለምና ልልነት ይለያል። ጠርዙን በግንበኛ ማንኪያ ፍቃችሁ ፎቶ አንሱት። የክርስቲያን መቃብር ከሆነ ሟቹ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ ራሱ በምዕራብ፣ እግሩ በምሥራቅ ነው። ሙስሊም በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ መካ ያዞራል፤ መካ ከእኛ በሰሜን ስለሆነች ራሱ የሚገኘው በምሥራቅ በኩል ነው። የመጀመሪያው ብሩሽ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ይህ ነው።

አጥንት እስኪታይ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር እያላችሁ ውረዱ፤ ሲታይ ብረቱን አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በቀርከሃ ስንጣሪና በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ነው። እርጥብ አጥንት ላይ ብረት የሚተወው ጭረት ኋላ የቢላ ምልክት መስሎ ያሳስታል። መጀመሪያ የጭንን፣ የክንድንና የራስ ቅልን ቅርጽ አውጡ። ጎድን፣ እጅና እግር መጨረሻ ላይ ይገለጡ፤ ቀድመው ከተገለጡ ሌላውን ስትሠሩ በክርናችሁ ትበትኗቸዋላችሁ። ከአጥንት ሥር አትቦርቡሩ፤ የተሸከመውን አፈር ካጣ በራሱ ክብደት ይሰበራል። ፀሐይ የመታው እርጥብ አጥንት ስለሚሰነጠቅ ዳስ ጣሉበት፤ ምሳ ስትወጡም ሸፍኑት።

ሳይመዘገብ ምንም አይነሳ። መለኪያ ዘንግና የሰሜን ቀስት አስገብታችሁ በቀጥታ ከላይ ፎቶ አንሱ። የራስ ቅሉን፣ የዳሌውንና የእግሩን ከፍታ ለኩ፤ እጆቹ ያረፉበትን ቦታ ጻፉ።

ስታነሱ ከእጅና ከእግር ጀምሩ። ቀኝ እጅ በአንድ ከረጢት፣ ግራ እጅ በሌላ፣ እግርም እንዲሁ። የጣት አጥንቶች ከተቀላቀሉ ቀኝና ግራቸውን መለየት ለነባር ባለሙያም ይከብዳል። ረጅም አጥንት ጫፉ ተይዞ አይጎተትም፤ ዙሪያው ተለቅቆ በሁለት እጅ ይነሳል። የራስ ቅልም በዓይኑ ጉድጓድ ጣት ተከቶ አይያዝም። ከዳሌው መካከል ያለውን አፈር ለብቻው ውሰዱ፤ የኩላሊት ጠጠር፣ የጥገኛ ትል እንቁላል፣ አንዳንዴም የፅንስ አጥንት የሚገኘው እዚያ ነው። የቀረውን በ4 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉ፤ ከእጅ፣ ከእግርና ከራስ ቅል የወጣው ግን በ2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በጠበበ ይነፋ።

የዘር ቅንጣት (ዲ.ኤን.ኤ.) ምርመራ ከታሰበ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ከመጀመሪያው ቀን ይደረግ፤ ናሙናውም አይታጠብ። በጋሞ ከፍታ ከሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ሙሉ የዘር ካርታ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ከውስጠኛው የጆሮ ክፍል ዙሪያ ካለው ጠጣር አጥንት በተወሰደ ናሙና ነው።

እርጥብ አጥንት በፕላስቲክ ታሽጎ ካደረ ይሻግታል፤ ከረጢቱን ብሱት። መለያ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ውስጥ አንዱ ውጭ።

ቤተ ሙከራ ስትደርሱ የራስ ቅሉን አፈር ሳይጠነክር አውጡት፤ ከደረቀ እየተኮማተረ አጥንቱን ይሰነጥቃል። ጠንካራውን አጥንት ሳትዘፈዝፉ ከወንፊት በላይ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በጥቂት ውኃ እጠቡ፤ በጥላ ይድረቅ። ጥርስ ላይ የተጋገረውን ድንጋይ አትፈቅፍቁ፤ የምግብ ቅሪት ያለው እሱ ውስጥ ነው። ከዚያ ሁሉንም በአካል ቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ሁለት የግራ ጭን አጥንት ከተገኘ ቢያንስ ሁለት ሰው አለ ማለት ነው።

ጾታ ለመለየት በዳሌ አጥንቱ የኋላ ጠርዝ ላይ ባለው ትልቅ ቅስት አውራ ጣታችሁን አስገቡ፤ ጣቱ ግራ ቀኝ የሚወዛወዝበት ሰፊ ከሆነ ወደ ሴት፣ ግጥም አድርጎ ከያዘ ወደ ወንድ ያዘነብላል። በዚህ ብቻ አትፍረዱ፤ የፊቱን የዳሌ ማዕዘንና የራስ ቅሉንም እዩ። የሕፃን ጾታ በዓይን አይወሰንም። ዕድሜው ግን በጥርስ ይቀላል፤ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ 6 ዓመት ገደማ፣ ሁለተኛው 12 ገደማ ይበቅላል። ለአዋቂ 20–34፣ 35–49፣ ከ50 በላይ ብሎ መመደብ ይበቃል። «43 ዓመት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ እየገመተ ነው።

በሽታንም ከመሰየማችሁ በፊት ያያችሁትን ጻፉ። «በዓይን ጉድጓድ ጣሪያ ላይ፣ በሁለቱም በኩል፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች» የሚለው ይጠቅማል፤ «ደም ማነስ» ብቻ ያለው ግን ለሌላ ትርጉም በር ይዘጋል። ስብራት ሲያጋጥማችሁ ጠርዙን እዩ። እንደተቀረው አጥንት የጠቆረ ከሆነ የቆየ ነው። የነጣ ከሆነ የሰበራችሁት እናንተ ናችሁ፤ እሱም ይመዝገብ።