የመንደር ስብሰባ ጠርቶ ውሳኔውን እስከ ወረዳ ማድረስ እንዴት ነው? (የተበላሸ የውሃ ፓምፕን ምሳሌ አድርገን)

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ገጠር ለምትኖሩና ገጠር ቤተሰብ ላላችሁ ነው። እኔ ባደግኩበት አጥቢያ የእጅ ፓምፑ የተበላሸ ጊዜ ሶስቴ ተሰብስበን ሶስቴም "ይሰራ" ብለን ተስማምተን ተበትነናል፣ ማን ይሰራው፣ በማን ብር፣ እስከ መቼ የሚለውን ግን የጻፈ ሰው አልነበረም፣ እናቶቻችን ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ጀሪካን አዝለው ወንዝ ይወርዱ ነበር። አራተኛው ስብሰባ ላይ አንድ ደብተር ተገዛና እኔም ትንሽ ስለተማርኩ ጸሐፊ ሁን ተባልኩ፣ ነገሩ የተንቀሳቀሰው ከዛ ወዲህ ነው። ስለዚ ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የያዝኩት ምሳሌ ፓምፕ ይሁን እንጂ ለመንገድም፣ ለእግረኛ ድልድይም፣ ለትምህርት ቤት አጥርም አካሄዱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ

ገጠር ውስጥ ኮሚቴ ብዙ ነው። እድር አለ (ወሎ ቅሬ ይሉታል)፣ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አለ፣ የመስጊድ ኮሚቴ አለ፣ የውሃ ኮሚቴ አለ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ የወላጆች ኮሚቴ አለ፣ ከነዚህ ሌላ ደግሞ ቀበሌው ራሱ ከነምክር ቤቱ፣ ከአስተዳዳሪውና ከሥራ አስኪያጁ ጋር አለ። ሽማግሌዎች ቀበሌውን እስከዛሬ "ገበሬ ማህበር" የሚሉት በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ጊዜ በዛ ስም ስለተቋቋመ ነው፣ ያኔ አንዱ ማህበር ቢያንስ 20 ጋሻ ማለትም 800 ሄክታር ያህል መሬት እንዲይዝ ነበር የተባለው።

ፓምፕ ሲበላሽ ባለቤቱ የውሃ ኮሚቴው ነው፣ ኮሚቴው ከሞተ ወይ አባላቱ ከተበተኑ ደግሞ ተጠቃሚው ህዝብ ተሰብስቦ አዲስ ይመርጣል። ሰበካ ጉባኤውን ብር አዋጡ እንዳትሉት። ሰበካ ጉባኤ በ1965 በወጣው ቃለ ዓዋዲ በሚባለው የቤተክርስቲያን ደንብ የተቋቋመ የቤተክርስቲያን አስተዳደር ነው፣ ገንዘቡም የቤተክርስቲያኑ ነው፣ ለፓምፕ ቢወጣ ነገ ሂሳብ ሲመረመር ሰዎቹ ይቸገራሉ። ከሱ የሚፈለገው ሌላ ነው፦ ህዝብ የሚያገኝ ድምፅ፣ የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ እና ሰው ሁሉ የሚያውቀው የመሰብሰቢያ ጥላ። የእድርም ብር ለሀዘን የተዋጣ ነው፣ ከእድር የሚፈለገው የአባላት ዝርዝሩ ነው፣ ምክንያቱም በሰፈሩ ስንት ቤት እንዳለ ከእድር መዝገብ የበለጠ በትክክል የሚያውቅ የለም።

2. ከስብሰባው በፊት ሄዳችሁ እዩት

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። "ፓምፑ ተበላሸ" ብቻ ተብሎ ስብሰባ ከተጠራ ግማሹ ቀን ምን እንደነካው በመገመት ያልቃል። ብዙ የገጠር ጉድጓድ ላይ ያለው አፍሪዴቭ የሚባለው ፓምፕ ነው፣ እሱ ደግሞ ገበሬው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሰራ ነው፣ በአንድ መፍቻ ክዳኑን ከፍታችሁ ዘንጉን በእጅ እየሳባችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ብዙ ተመቶ ጥቂት ውሃ ብቻ ከሰጠ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ዩ ሲል የሚባለው ጎማ ነው። ጠዋት ጠዋት ረጅም ጊዜ ካልተመታ ውሃ የማይመጣ ከሆነ፣ አንዴ ከመጣ በኋላ ግን ደህና ከሆነ፣ ችግሩ ታች ያለው ቫልቭ ነው ማለት ነው፣ ሌሊቱን ውሃውን ይለቀዋል።

እኛ ጋ ፓምፑን ያስከፈቱት አንዲት እናት ናቸው። ጎማውን ከዘንጉ ላይ አውጥተው በመዳፋቸው ይዘው እየዞሩ አሳዩን፣ ጠርዙ ተበልቶ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ሳስቶ ነበር። ስብሰባው ላይም ይዘውት መጡ፣ በቃ ከዛ በኋላ "ጉድጓዱ ደርቋል" የሚለው ወሬ ቆመ። የምለው፣ የተበላሸውን እቃ ወይ ፎቶውን ይዛችሁ ኑ፣ የመለዋወጫውን ዋጋም ወረዳ ከተማ የሚሄድ ሰው ጠይቆ ይምጣ።

እስኪጠገን ድረስ ከወንዝ የሚቀዳውን ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ወይ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛዋንም አሳውቋት፣ ህጻናት ላይ ተቅማጥ ከታየ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትሉ ንገሯት።

3. ቀን ምረጡ

በእርሻና በአጨዳ ወቅት ጠርታችሁ ሰው ቀረ ብላችሁ አትቆጡ። ጥርና የካቲት ላይ ደግሞ በብዙ ቦታ የተፋሰስ ልማት ስራ አለ፣ ህዝቡ ተራራ ላይ እርከን ሲሰራ ይውላል፣ እዛው ስራው ቦታ ላይ ከተስማማችሁ ግን ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ጥሩ አጋጣሚም ነው። ክርስቲያን በሚበዛበት አጥቢያ እርሻ የማይነካበት ቀን ይመቻል፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድ፣ ወይ እሁድ ከቅዳሴ መልስ። ሙስሊም ጎረቤቶች ባሉበት ደግሞ ቀኑን አብራችሁ ቁረጡት፣ አርብ ጁምዓ ላይ መስጊድም እንዲነገር አድርጉ። ፓምፑ የሁሉም ነው፣ አንዱ ወገን በአንዱ ግቢ ብቻ ተጠርቶ ቢወሰን ሌላው "እኛን ማን ጠየቀን" ይላል፣ እውነቱንም ነው።

ከመጥራታችሁ በፊት ለጎጡ መሪና ለቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ንገሯቸው። ፈቃድ ለመለመን አይደለም፣ ኋላ "የምን ስብሰባ ነው" የሚል ጥርጣሬ እንዳይነሳና ማህተሙም ሲያስፈልግ እንዳይከለከል ነው።

4. ውሃ የሚቀዱት ሳይኖሩ አትጀምሩ

ይሄ ላይ ጠበቅ እላለሁ። ስብሰባ ሲባል አባወራው ይመጣል፣ ውሃ የምትቀዳዋ እናት ግን ቤት ትቀራለች ወይ ከኋላ ትቀመጥና ዝም ትላለች። ፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሰራ፣ ማን ወረፋ እንደሚጥስ፣ ከብት ማን እንደሚያጠጣበት የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚ ሰዓቱን ከምጣድና ከወንዝ መልስ ባለው ሰዓት አድርጉት፣ መሪውም በስም እየጠራ ይጠይቅ፣ "እቴቴ እርሶ ምን ይላሉ?" ብሎ። የውሃ ኮሚቴ ስትመርጡም ግማሹ ሴት ይሁን፣ ገንዘብ ያዥዋ ሴት ብትሆን ደግሞ እኔ ካየሁት በጣም ጥሩ ነው።

5. አመራሩ

በሽማግሌ ምርቃት ይከፈት፣ አጀንዳው ከሁለት አይብለጥ። አባ ወይ ሸህ ካሉ አክብራችሁ መጀመሪያ አናግሯቸው፣ ግን ውሳኔውን ለነሱ ብቻ አትተዉት። የድሮ ቂም የሚያነሳ ሰው ሁሌም አለ፣ ያኔ መሪው "ጋሼ፣ እሱን በሽማግሌ እናያለን፣ ዛሬ ስለ ውሃው ነው" ይበላቸውና ይለፍ፣ ያንን ቃሉን ግን ኋላ ይጠብቀው።

6. ቃለ ጉባኤው

ዋናው ይሄ ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዙ፣ ብጣሽ ወረቀት አይሆንም። ገጾቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጥር ስጧቸው፣ አንድ ገጽ ቢገነጠል እንዲታወቅ ነው። ከዛ ከላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፣ ቀጥሎ የተገኙትን በስም፣ ስንት ወንድ ስንት ሴት፣ ቀጥሎ አጀንዳውን፣ ቀጥሎ የተባለውን በአጭሩ (የተቃወመ ሰው ካለ የተቃወመበትን ምክንያትም ጻፉለት፣ ሲጻፍለት ይረጋጋል)፣ መጨረሻ ላይ ውሳኔውን።

ውሳኔው እንዴት ይጻፋል? እኛ መጀመሪያ የጻፍነው "ፓምፑ በአስቸኳይ እንዲሰራ ተወሰነ" የሚል ነበር። ይሄ ምንም አያሰራም። ኋላ የታረመው እንዲህ አይነት ነው፦ "ለፓምፑ መለዋወጫ መግዣ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ እስከ ሚያዝያ 20 ድረስ 50 ብር ለገንዘብ ያዧ ከፍሎ ደረሰኝ እንዲቀበል፣ አቅም የሌላቸው በስም የተዘረዘሩ 6 ቤቶች በጉልበት እንዲያግዙ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት ሚያዝያ 22 እቃውን ገዝተው እንዲመጡ፣ ጥገናው ሚያዝያ 24 እንዲደረግ በ61 ድጋፍ በ4 ተቃውሞ ተወሰነ።" ማን፣ ምን፣ በስንት፣ እስከ መቼ፣ አራቱም አሉበት። አቅም የሌላቸውን ስም ግን ጮክ ብላችሁ አታንብቡ፣ ኮሚቴው ብቻ ይያዘው፣ ሰው ፊት ማሳፈር ነውር ነው።

ከዛ ሰው ሳይበተን ውሳኔውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ይሄን ያልኩት መጻፍ የማይችል ሰው የሚፈርመው በሰማው ላይ ስለሆነ ነው። የጣት አሻራ ቀለም ይዛችሁ ኑ፣ አሻራው አጠገብ ስማቸውን ጻፉ፣ እዛው። አንድ አባት አሻራቸውን ከማድረጋቸው በፊት "እስቲ ደግመህ አንብብልኝ" ብለውኝ ደግሜ ሳነብ ቀኑን ተሳስቼ እንደጻፍኩት ያወቅኩት ያኔ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። በጽሁፉ መጨረሻና በፊርማው መሀል ክፍት መስመር ከቀረ በሰረዝ ዝጉት፣ ማንም ኋላ የሚጨምርበት ቦታ እንዳይኖር። ሲያልቅ እያንዳንዱን ገጽ በሞባይል ፎቶ አንሱና ቢያንስ ሶስት ሰው ጋ ይቀመጥ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁም እዛ ላኩት፣ ከተማ ያሉ ልጆችም እንዲያዩት። የአቅመ ደካሞቹ ዝርዝር ያለበትን ወረቀት ግን አትላኩት።

7. ብሩ

ብር አንድ ሰው ቤት አይደር። እኛ ጋ ከዛ በፊት የተዋጣ ብር አንድ ሰው ቤት ተቀምጦ ሰውየው ሲታመም ለህክምና ነካው፣ ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም፣ ግን መተማመኑ ፈረሰና ለሁለት አመት ሰው መዋጮ ሲባል ፊቱን ያዞር ነበር። በኮሚቴው ስም ባንክ ወይ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሂሳብ ክፈቱ፣ ወጪው በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን፣ ሁለቱ ፈራሚዎች ዘመዳሞች አይሁኑ። ሲቀበሉ ካርቦን ያለው ደረሰኝ ይቆረጥ፣ በወር አንዴ ደግሞ ገቢና ወጪው ህዝብ ፊት ይነበብ።

8. ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ወደ ወረዳ

ቧንቧው ከተሰበረ ወይ ጉድጓዱ ከተደረመሰ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ከዛ መቼ እንደተበላሸ፣ ስንት ቤት እንደሚጠቀምበት፣ ህዝቡ እስካሁን ምን እንዳደረገና ስንት ብር ወይ ጉልበት እንደሚያዋጣ፣ ምን እንደሚጠየቅ። አባሪ የቃለ ጉባኤው ኮፒና ፎቶ፣ ግልባጭ ለወረዳው ምክር ቤትና ለቀበሌው። የቀበሌው ማህተም ይረፍበት።

ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ ሁለተኛው ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉበት፣ ማህተም አስመቱበት፣ ያን ይዛችሁ ተመለሱ። ለባለሙያው በእጅ ብቻ ሰጥታችሁ ከመጣችሁ ከሁለት ወር በኋላ "አልደረሰንም" ስትባሉ የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም። ጊዜውንም እወቁ፣ የመንግስት በጀት አመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ እቅድ የሚዘጋጀው ከዛ በፊት ባሉት ወራት ስለሆነ ጥያቄያችሁ እስከ ሚያዝያ ቢደርስ ጥሩ ነው፣ ነሐሴ ላይ ከሄዳችሁ "በጀቱ ተደልድሏል" መባላችሁ አይቀርም።

9. መልስ ካልመጣ

ከወር በኋላ ሶስት ሰው ሆናችሁ ሂዱ፣ ገቢ ቁጥሩን ይዛችሁ፣ በትህትና፣ የተነጋገራችሁትንና ያነጋገራችሁን ሰው የስራ ድርሻ እዛው ደብተሩ ላይ ጻፉ። አሁንም ካልሆነ ለወረዳው ቅሬታ ሰሚና ለምክር ቤቱ በጽሁፍ፣ ከዛም ወደ ዞን። ከ1992 ጀምሮ የእንባ ጠባቂ ተቋምም አለ፣ የመንግስት መስሪያ ቤት አስተዳደራዊ በደል ሲያደርስ አቤቱታ ይቀበላል። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 50 ላይ ህዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ስልጣን ይሰጣል ይላል፣ አንቀጽ 12 ላይ ደግሞ የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፣ እነዚህን ሁለቱን በደብዳቤው ላይ መጥቀስ ነውር የለውም፣ ጠብ ፍለጋም አይደለም።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በማይከፈትበት ጊዜ ደግሞ እድሩና ሽማግሌዎቹ ቃለ ጉባኤውን ይዘው ጥገናውን ይቀጥሉ፣ ማህተሙ ቢሮው ሲከፈት ይደርሳል፣ ውሃ ግን ቢሮ እስኪከፈት አይጠበቅም።

10. ጸሐፊው ሲቀየር

እኔ ለስራ ከሰፈር ስወጣ ደብተሩን ያስረከብኩት ለአንዲት አስረኛ ክፍል ለጨረሰች ልጅ ነው። ርክክቡም ይጻፋል፦ "ከገጽ 1 እስከ 87 የተጻፈበት፣ ከ88 ጀምሮ ባዶ የሆነ ደብተር፣ የደረሰኝ ጥራዝ 2፣ የባንክ ደብተር 1፣ የፓምፕ መፍቻ 1" ብላችሁ ሁለታችሁም ፈርማችሁ፣ ሁለት ምስክር አስፈርማችሁ። መፍቻውን አትርሱት፣ እኛ ጋ ከሁሉ ነገር ቶሎ የሚጠፋው እሱ ነበር።