የዐቢይ ጾም ስብከት ከከበዳችሁ

የዐቢይ ጾም እሑዶች ሁሉም ስም አላቸው። ስሙን ካወቃችሁ ወንጌሉን ታገኙታላችሁ፤ ቅዳሜ ማታ አንብባችሁት እደሩ። ገብር ኄር ማቴዎስ 25፣ ኒቆዲሞስ ዮሐንስ 3 ነው። ከሁሉም የሚከብደው የደብረ ዘይቱ ማቴዎስ 24 ይመስለኛል። ጦርነት፣ ረኃብ፣ የምድር መናወጥ፤ ድንገት ለሰማው ሰው ያስፈራል። አንብባችሁ ከሄዳችሁ ግን ጌታ እዚያው ምዕራፍ ላይ «አትደንግጡ» ማለቱ አያመልጣችሁም።

ሁሉንም ካልያዝኩ ብላችሁ ደግሞ አትጨናነቁ። ያልገባችሁን አንዱን ነገር ያዙና ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። «አባ፣ ይቺ አልገባችኝም» ማለት ምንም ነውር የለውም። ኒቆዲሞስም መምህር ሆኖ ሳለ በሌሊት ሄዶ ጠይቋል። አባ ሰው ከበዛባቸው በሠርክ ጉባኤ ጥያቄውን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።