የአዲሱ ሞኒተር ሽታ እንዴት ለቀቀን

ደሴ ብርድ ነው፤ መስኮት የሚከፍት የለም። ቢሯችን አዲስ ሞኒተር ሲገባ ታዲያ የፕላስቲክ ሽታው ራስ ምታት ሆነብን። «ዕጣን አጭሱበት» ያሉ ነበሩ። ዕጣን ሽታውን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያወጣውም፤ ጭሱም ሌላ ጣጣ ነው።

ሽታው የሚመጣው ከፕላስቲኩ፣ ከሙጫውና እሳት ቶሎ እንዳይዘው ከሚጨመሩት ኬሚካሎች ነው። ሲሞቅ ይብሳል። እኛም ሙቀቱን ራሱን ተጠቀምንበት። ሰው በሌለበት ክፍል መስኮቱን ወለል አድርገን ከፍተን፣ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ጨምረን ቀን ቀን አበራነው። ካርቶኑንና ፌስታሉንም አወጣን፤ እነሱም ይሸታሉ። እያደር ቀነሰ። አሁን አፍንጫ ካላስጠጉ አይታወቅም። አስም ያለባት ባልደረባችን እስከዚያው ሌላ ክፍል ሠራች።

የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወዲያው ነቅሎ ለሻጩ መመለስ።