ቪአር ውስጥ ጀሪካን እንዲከብድ ማድረግ

ቪአር (በዓይን መነጽር የሚታይ ምናባዊ ዓለም) ውስጥ እስክሪብቶ አነሳችሁ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን አነሳችሁ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ያው ኮንትሮለር፣ ማለትም በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ፣ ነው። በዚህ ሁኔታ ስለ ክብደት ማስተማር ከባድ ነው። ደግነቱ ዓይን ክንድን ያታልላል።

ዩኒቲ (ጌምና ቪአር የሚሠራበት ሶፍትዌር) ላይ ከሆናችሁ ጀሪካኑን ከእጁ ጋር አታጣብቁት፣ በስፕሪንግ (በምናባዊ ሞላ) አንጠልጥሉት። ለእያንዳንዱ እጅ ኮንፊገረብል ጆይንት (ሁለት ዕቃ የሚያያይዝ መገጣጠሚያ) ጨምሩና በሦስቱም አቅጣጫ ስፕሪንጉን 1000፣ ውዝዋዜውን የሚያበርደውን ዳምፐር 100፣ ማክሲመም ፎርሱን (አንድ እጅ የሚችለውን ትልቁን ኃይል) 120 ኒውተን አድርጉ። ማስ የሚለው ቦታ ላይ እውነተኛውን መጠነ ቁስ በኪሎ ሙሉ፤ ለ5 ሊትር 5፣ ለ20 ሊትር 20። አሁን 5 ሊትሩ ከእጃችሁ 5 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይከተላችኋል። 20 ሊትሩ ግን 196 ኒውተን ስለሚመዝንና አንድ እጅ የሚችለው 120 ብቻ ስለሆነ በአንድ እጅ ንቅንቅ አይልም፣ ሁለተኛው እጅ የግድ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። የሚታየው እጅ እጀታው ላይ ይቆይ እንጂ ኮንትሮለሩን አይከተል። እኔ መጀመሪያ ይህን አላደረግኩም ነበር፤ ጀሪካኑ ከእጄ በታች አየር ላይ ተንሳፎ ሲከተለኝ ያተረፍኩት ሳቅ ብቻ ነው። እጁን ከእጀታው ጋር ሳስረው ግን ሳላውቀው ትከሻዬን ማጠንከር ጀመርኩ። የኮንትሮለሩን ንዝረት አታብዙ፤ ከመሬት ሲነሳ አንዴ ጠቅ ቢል ይበቃል። ዕቃው ከተንቀጠቀጠ ፊክስድ ታይምስቴፑን (ዩኒቲ እንቅስቃሴውን በየስንት ሴኮንዱ እንደሚያሰላ የሚወስነውን) ከ0.02 ወደ 0.0139 አውርዱት፣ ሄድሴቱ (የቪአር መነጽሩ) በሴኮንድ 72 ምስል የሚያሳይ ከሆነ ማለት ነው።

አሁን ስበቱን ከ-9.81 ወደ -1.62 ቀይሩ። ጨረቃ ላይ ናችሁ። (ውሃው ይተናል ብሎ የሚከራከር ተማሪ ካለ ክዳኑን ግጠሙለት።) 20 ሊትሩ 32 ኒውተን ብቻ ስለሆነ በአንድ እጅ ይነሳል። ከዚያ ተማሪው ወደ ጎን ያወዛውዘው፤ ልክ እንደ ምድር ያንገራግራል። ክብደቱ ቀንሷል፣ መጠነ ቁሱ ግን ያው ነው። ሰሌዳ ላይ ይህን ለማስረዳት ስንት ጠመኔ ያልቃል! የእጁን እንቅስቃሴ በግማሽ ቀንሶ ከባድ ማስመሰል የሚባለውን አቋራጭ የማልወደውም ለዚህ ነው። በእሱ ከሆነ ስበቱን ብትቀይሩም ምንም አይለወጥም።

ከባዱ ቶሎ እንዲወድቅ ግን ምንም አትጨምሩ። በ1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ ሲለቅ እኩል ነው ያረፉት። ድራጉን (የአየር መጎተቱን፤ ከዩኒቲ 6 ጀምሮ ሊኒየር ዳምፒንግ የሚባለውን) 0 አድርጋችሁ ሁለቱን ጀሪካኖች ከአንድ ከፍታ ልቀቁ። ድምፃቸው ዷ ብሎ አንድ ላይ ካልተሰማ ቅንብሩ ውስጥ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።