ምድር ቤት ውስጥ የሚቋረጥብኝን ስልክ ያስተካከልኩበት መንገድ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በምኖርበት ምድር ቤት ጥሪ ከሁለት ደቂቃ በላይ ሳይቆይ ይቋረጥብኝ ስለነበር፣ ጥፋቱን በሙሉ በስልክ ድርጅቱ ላይ ጥዬ መስመር ልቀይር ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ በፊት ግን የቀፎዬን የሞዴል ቁጥር ከሴቲንግ አውጥቼ የሚቀበላቸውን ባንዶች (የፍሪኩዌንሲ ክልሎች) ሳመሳክር፣ በርካሽ የገዛሁት ያገለገለ ስልክ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ በመሆኑ፣ ድርጅቱ ሽፋኑን ለማስፋት የሚጠቀምበትን የ600 ሜጋኸርትዝ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ባንድ 71ን፣ ጨርሶ እንደማይቀበል ተረዳሁ። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ከከፍተኛው በተሻለ ግድግዳ ዘልቆ ስለሚገባ፣ ይህ ጉድለት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እንደ እኔ ምድር ቤት የሚኖረውን ነው።

ስለዚህ ይህ ባንድ ያለውና ለአንድ ድርጅት ያልተቆለፈ ቀፎ ገዛሁ። ርካሽ ፓኬጅ ከሚሸጡት ድርጅቶች ብዙዎቹ የትልልቆቹን ኔትዎርክ ተከራይተው የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ከዋጋው አስቀድሜ የማንን ማማ እንደሚጠቀሙ ጠየቅሁ፤ ከዚያም የአንዱን የሙከራ ኢሲም (ካርድ ሳያስፈልገው ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም) ጭኜ ከነባሩ መስመሬ ጋር ክፍል ለክፍል እየዞርኩ አነጻጸርኩ። ነባሩ በለጠ (መቀየሩ ቀረ ማለት ነው)። በመጨረሻም በዋይፋይ መደወያውን ከፍቼ፣ ለ911 የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሚያገለግለውን የቤት አድራሻዬን አስመዘገብኩ። ወጥ ቤቱ ጥግ አሁንም አንድ ባር ብቻ ይታያል፤ ጥሪ ግን አይቋረጥም።