ከፊል ተሳቢን በኋላ ማርሽ መንዳት፦ ለጀማሪ ሹፌሮች

ከሞጆ ደረቅ ወደብ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ጭኖ አዳማ የሚገባ ሹፌር፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ መጋዘን ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ለማዞሪያ የማይበቃ ግቢና ከመኪናው ስፋት እምብዛም የማይተርፍ በር ስለሆነ፣ የኋላ ማርሽ ማስገባቱ አይቀርም። እዚህ የምናየው በጎታቹ ጀርባ ላይ ተጭኖ የሚሄደውን ከፊል ተሳቢ ብቻ ነው። የራሱ የፊት ጎማ ያለውና በዘንግ የሚጎተተው ተሳቢ ሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ በእርሱ መጀመር አይመከርም።

ለልምምድ ከከተማው ዳር ደልዳላ ሜዳ ይፈልጉ፤ ተሳቢው ባዶ ይሁን። የበር ምልክት እንዲሆኑ ሁለት ጄሪካኖች ያቁሙ፤ ባዶውን የአዳማ ነፋስ ስለሚወስደው ግን ግማሽ ድረስ ውሃ ይሙሉበት።

በመጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሄድን ይልመዱ። ጎታቹና ተሳቢው አንድ መስመር እስኪሆኑ ወደ ፊት ይንዱ፤ ከዚያ ነዳጅ ሳይሰጡ በዝቅተኛው የኋላ ማርሽ እየተጓዙ ሁለቱንም ስፖኪዮዎች እያፈራረቁ ይመልከቱ። ተሳቢው በአንደኛው ስፖኪዮ በዝቶ መታየት ከጀመረ ወደዚያው ወገን ዘንበል ብሏል ማለት ነው፤ መሪውን ወደዚያው ስፖኪዮ በጥቂቱ ያዙሩና ወዲያው ይመልሱ። ጀማሪ የሚሳሳተው መሪውን ባለማዞሩ ሳይሆን ከልክ በላይ በማዞሩ ነው።

መታጠፍ ላይ ሲደረስ እጅና ዐይን ይጣላሉ፤ ተሳቢው መሪው ከዞረበት በተቃራኒ ይሄዳልና። የሚረዳው ዘዴ መሪውን ከታች በኩል መያዝ ነው፦ እጅዎ ወደ ግራ ሲሄድ የተሳቢው ጭራም ወደ ግራ ይሄዳል። ከዚህ የሚከብደው መሪውን የሚመልሱበትን ጊዜ መለየቱ ነው። ተሳቢው አንዴ መታጠፍ ከጀመረ፣ የፊት ጎማዎቹን ቀጥ ቢያደርጓቸውም መታጠፉን ራሱ እየጨመረ ይቀጥላል። ስለዚህ የሚፈልጉት ማዕዘን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መሪውን ከመሃል አሳልፈው ወደ ሌላው ወገን ይመልሱ፤ ያን ጊዜ ጎታቹ ተሳቢውን መከተል ይጀምራል። ቢዘገዩ ማዕዘኑ ይጠብና የጋቢናው ጀርባ ከተሳቢው ጥግ ጋር ይጋጫል፣ የአየር ቱቦዎቹም ሊበጠሱ ይችላሉ። እዚያ ደረጃ ከመድረሱ በፊት ቆመው ወደ ፊት ይሳቡና እንደገና ይጀምሩ። ይህን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ ሹፌሮች አሉ፤ እኔ ግን በአንድ ጊዜ ካልገባሁ ብሎ ከሚታገል ሹፌር ሦስት ጊዜ ወደ ፊት የሚስበውን እመርጣለሁ።

ምርጫ ካለዎት በሩ በግራዎ፣ ማለትም በሹፌር ወገን እንዲውል አድርገው ይቅረቡ፤ በመስኮት አንገትዎን አውጥተው የተሳቢውን የኋላ ጎማዎች ማየት ይችላሉና። በቀኝ ሲታጠፉ አብዛኛው ከዐይንዎ ስለሚሰወር ሥራው በረዳቱ ላይ ይወድቃል።

ከረዳትዎ ጋር «ስበር»፣ «መልስ»፣ «ቀጥ አድርግ» እና «በቃ» የሚሉትን ቃላት አስቀድመው ይስማሙ፤ «ስበር» ሲል መሪው ወደየት እንደሚዞር ወይስ ጭራው ወደየት እንደሚሄድ እየተናገረ መሆኑን ጭምር። በስፖኪዮ ካላዩት ወዲያው ይቁሙ። በተሳቢውና በግድግዳው መካከል ፈጽሞ እንዳይገባ፣ ከኋላ ሊሾልክ የሚመጣ ባጃጅ ሲያይም አስቀድሞ «በቃ» እንዲል ይንገሩት። በጀመርኩበት ሰሞን አንድ መጋዘን በር ላይ ሦስት ሰዎች በአንድነት «ና፣ ና፣ ና» ሲሉኝ የማላውቀውን ሰው ድምፅ ተከትዬ የበሩን ምሰሶ ገጭቻለሁ፤ ረዳቴ ያን ጊዜ «በቃ» እያለ በመዳፉ የተሳቢውን ጎን ይደበድብ ነበር።

ከተጠራጠሩ የእጅ ፍሬን ይዘው ይውረዱና ራስዎ ይዩ፤ ቦታው ዳገታማ ከሆነ ረዳቱ ታኮ ያድርግ። ሲወርዱም ጎማውንና ግድግዳውን ብቻ አይተው አይመለሱ፤ የኮንቴይነሩ አናት የሚደርስበትን የመብራት ሽቦና የበሩን ክዳን ቀና ብለው ይመልከቱ።